የኮምፒዩተርን ማኅደረ ትውስታና ፕሮሰሰር በትእዛዝ መስመር ስለ መመርመር

ኮምፒዩተር ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ከገባ ወዲህ በትምህርት ቤት ኮሚቴ ፊት ብዙ ጊዜ የሚቀርብ አንድ አቤቱታ አለ። ይኸውም «መሣሪያው አርጅቷል፤ አንድ ፊደል ለመጻፍ እንኳ ያንቀላፋል፤ ስለዚህ ይወገድና ሌላ ይገዛ» የሚል ነው። አቤቱታውን የሚያቀርበው መምህር ነው፤ ገንዘቡን የሚያዋጣው ገበሬውና ነጋዴው ነው፤ በመካከል ሆነው የሚፈርዱት ደግሞ ሽማግሌዎች ናቸው። ነገር ግን ከሦስቱ ወገን አንዱም መሣሪያውን ራሱን ሳይጠይቀው የሚቀርበት ጊዜ ይበዛል። ኮምፒዩተር ሲጠይቁት የሚመልስ መሣሪያ ነው። ምን ያህል ሥራ እንደ ተሸከመ፥ ሥራውን የጫነበት ማን እንደ ሆነ፥ ስፍራው ሞልቶ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሞላ፥ በጥቂት ፊደል ለተጻፈ ትእዛዝ በቍጥር ይመልሳል። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ያንን አጠያየቅ ነው። ከመጠየቁ ይልቅ መልሱን በትክክል ማንበቡ ስለሚከብድ፥ በንባቡ ላይ ረዘም ብለን እንቈያለን።

ለመመርመር አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያሻል። እነርሱም ፕሮሰሰር፥ ማኅደረ ትውስታ (ብዙ ሰው ራም ብሎ የሚጠራው) እና ሃርድ ዲስክ ናቸው። ትርጓሜያቸውን በደረቁ ከመናገር በአንድ የታወቀ ገበያ ብንመስላቸው ይቀላል፤ ለዚህም ከአሊዩ አምባ ገበያ የተሻለ አናገኝም።

አሊዩ አምባ ከአንኮበር በታች፥ የሸዋ ደጋ ወደ ዐፋር ቈላ በሚወርድበት ወገን ያለች ከተማ ናት። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን በገዙበት ዘመን፥ ማለት ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.፥ ከታጁራ ወደብና ከሐረር የሚመጣው ነጋዴ ሸቀጡን የሚያራግፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። በ1834 ዓ.ም. ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በከተማዪቱ ወራት ተቀምጦ ያየውን ኑሮና ንግድ በመጽሐፍ ጽፎ አሳትሟል። ጨውና ጨርቅ በዚያ ይወርዳል፤ ከደጋው የመጣውም ይሸጣል፤ ቀራጩም ጭነቱን ቈጥሮ የንጉሡን ቀረጥ ይቀበላል።

እንግዲህ ዕቃው ተዘርግቶ የሚሸጥበትን ሜዳ ማኅደረ ትውስታ እንበለው። በሜዳው ላይ ያልተዘረጋ ዕቃ አይመዘንም፥ አይሸጥም፤ እንዲሁም በማኅደረ ትውስታ ላይ ያልተዘረጋ ፕሮግራም አይሠራም። ዕቃው የሚከተትበትን ጐተራ ሃርድ ዲስክ እንበለው። ጐተራው ከሜዳው ይልቅ እጅግ ሰፊ ነው፤ ገበያው ሲበተን፥ ማለት ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ፥ በጐተራ ያለው ይቀመጣል፤ በሜዳው የተዘረጋው ግን ሁሉ ይነሣል። ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሣ የሚመዝነውንና የሚቈጥረውን ቀራጭ ደግሞ ፕሮሰሰር እንበለው። ዛሬ በብዙ ኮምፒዩተር ውስጥ ሁለት ወይም አራት ወይም ከዚያ የበለጡ ቀራጮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ «ኮር» ይባላል።

«ገበያው ተጨናንቋል» የሚል ሰው ከሁለት ነገር አንዱን መናገሩ ነው። ወይ ሜዳው ባዶ ሳለ በቀራጩ ፊት የቆመው ሰልፍ ረዝሟል፤ ወይ ቀራጩ እጁን አጣጥፎ ሳለ ሜዳው ሞልቶ ዕቃ የሚወርድበት ስፍራ ታጥቷል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው የሁለቱ መልክ አንድ ነው፤ ነጋዴው ቆሞ ይጠብቃል። መድኃኒታቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ሜዳው ለሞላበት ገበያ ቀራጭ ቢጨምሩለት አይጠቅመውም፤ ሰልፍ ለበዛበትም ሜዳውን ቢያሰፉለት ሰልፉ አያጥርም። በኮምፒዩተር ዘንድ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው ይህ ሳይለይ ሲቀር ነው።

ሜዳው ሲሞላ ምን ይደረጋል? የኮምፒዩተሩ አስተዳዳሪ፥ ማለት ስርዓተ ክወና የሚባለው ዋና ፕሮግራም፥ ለጊዜው የማይፈለገውን ዕቃ ከሜዳው አስነሥቶ ወደ ጐተራ ያስወስዳል፤ ባለቤቱ ሲጠራው መልሶ ያስመጣል፤ ለዚህም ቦታ ለመልቀቅ ሌላውን ያስወስዳል። ይህ መለዋወጥ «ስዋፕ» ይባላል። ጥቂት ሲሆን አይጎዳም፤ ሲበዛ ግን መሣሪያው ሥራውን ትቶ ተሸካሚ ይሆናል። ጉዳቱን በቍጥር ማየት ይቻላል። ፕሮሰሰሩ ከማኅደረ ትውስታ አንድ ነገር ለማግኘት 100 ናኖሴኮንድ ያህል ይበቃዋል። ሳሕኑ ከሚሽከረከረው ከአሮጌው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ለማግኘት ግን 10 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈልጋል፤ ልዩነቱ 100,000 እጥፍ ነው። ይህን ወደ ሰው ልክ ብንመልሰው፥ ቀራጩ እጁን ዘርግቶ ከሜዳው ዕቃ ለማንሣት 3 ሴኮንድ ቢፈጅበት፥ ከጐተራ ለማስመጣት 300,000 ሴኮንድ፥ ማለት ሦስት ቀን ተኩል ያህል ይጠብቃል። እንግዲህ ጐተራው በገበያው ዳር አይደለም፤ የተጫነች አህያ ከአሊዩ አምባ ተነሥታ ዳገቱን ወጥታ፥ በአንኮበር አልፋ፥ ደብረ ብርሃን ደርሳ እስክትመለስ እንደ መጠበቅ ያለ ነው። ሳሕን የሌለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ ከዚህ እጅግ ይፈጥናል፤ ቢሆንም ከማኅደረ ትውስታ ጋራ አይወዳደርም።

የዚህን ነገር ምሳሌ በአገራችን አይተነዋል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የአሜሪካ ማኅበር ያሠራቸው፥ ኤክስ ኦ የሚባሉ አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች በሺህ የሚቈጠሩ ሆነው ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ገብተው ነበር። የመሣሪያው ፕሮሰሰር በሴኮንድ 433 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ አንድ ኮር ብቻ፥ ማኅደረ ትውስታው 256 ሜጋባይት፥ ጐተራውም 1 ጊጋባይት ነበረ። የስዋፕ ስፍራ አልተሰጠውም። ስለዚህ ልጁ መጻፊያውን፥ መሳያውንና የኢንተርኔት መስኮቱን በአንድ ጊዜ ቢከፍት ሜዳው ሞልቶ መሣሪያው ይደነዝዛል፤ ነገሩን ለማያውቅ ሰው የተበላሸ ይመስለዋል። ነገር ግን መሣሪያው በሊኑክስ የሚሠራ፥ «ተርሚናል» የሚባል የትእዛዝ መስኮትም ለልጆቹ ሳይቀር የተሰጠው ስለ ነበረ፥ ሁለቱን ዘግቶ አንዱን ማስቀረት እንደሚበቃ ከራሱ ከመሣሪያው መረዳት ይቻል ነበር። ዛሬ 2 ጊጋባይት ያለው አሮጌ ኮምፒዩተር ከዚያ ስምንት እጥፍ ሜዳ አለው፤ ፕሮግራሞቹም ግን አብረው ሰፍተዋል።

አሁን ወደ አጠያየቁ እንግባ። ዋና ነገራችን ሊኑክስ በሚባለው ስርዓት ስለሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ነው፤ ዋጋ ስለማይከፈልበትና በአሮጌ መሣሪያም ላይ ስለሚሠራ ለገጠር ትምህርት ቤት ይስማማል። ተርሚናሉን ለመክፈት በብዙዎቹ ላይ «ኮንትሮል» እና «አልት» የሚባሉትን ቁልፎች ይዞ «ቲ»ን መምታት ይበቃል። ሥዕል የሌለው፥ ጽሕፈት ብቻ የሚታይበት መስኮት ይወጣል። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ መምህሩ ለተማሪዎቹ በቃል ሊያስጽፍ እንዲችል እኛ እዚህ የፊደሎቹን ስም ብቻ እናስቀምጣለን። «ኤ» ስንል የመጀመሪያውን፥ «ኢ» ስንል አምስተኛውን፥ «አይ» ስንል ዘጠነኛውን ፊደል ነው፤ እነዚህ ሦስቱ በአማርኛ ተናጋሪ ዘንድ ስለሚምታቱ ልብ ይባል። ፊደሎቹ ሁሉ ትንንሾቹ ናቸው፤ ትልቁ ሲያስፈልግ እንናገራለን። ትእዛዙ ተጽፎ ሲያልቅ «ኤንተር» የሚባለው ቁልፍ ይመታል።

የመጀመሪያው ትእዛዝ «ፍሪ» ነው። አጻጻፉ፥ ኤፍ፥ አር፥ ኢ፥ ኢ፤ ባዶ ቦታ፤ ሰረዝ፥ ኤም። መልሱ ሁለት መስመር ነው፤ የላይኛው ስለ ማኅደረ ትውስታ፥ የታችኛው ስለ ስዋፕ ይናገራል፤ ልኩም በሜጋባይት ነው። በላይኛው መስመር «ቶታል» የተባለው ጠቅላላው፥ «ዩዝድ» የተያዘው፥ «ፍሪ» ባዶው፥ «በፍ ካሽ» በማቈያ ያለው፥ «አቬይለብል» ደግሞ ሊሰጥ የሚችለው ነው። ለምሳሌ ያህል፥ ጠቅላላው 1950፥ የተያዘው 700፥ ባዶው 90፥ በማቈያ ያለው 1160፥ ሊሰጥ የሚችለው 1050 ሆኖ ተገኘ እንበል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ባዶው 90 ብቻ ነው፤ እነሆ ማኅደረ ትውስታው አልቋል» ብሎ ይፈርዳል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አስተዋይ የገበያ አዛዥ የሜዳውን ዳር ባዶ አድርጎ አይተወውም፤ ትናንት ከጐተራ የወጣውን ዕቃ ምናልባት ዛሬ ደግሞ ይፈለጋል ብሎ በዚያው ያቈየዋል፤ አዲስ ነጋዴ ሲመጣ ግን ዕቃውን ወዲያው አስነሥቶ ስፍራውን ይሰጠዋል። ሊኑክስም ከዲስክ ያነበበውን ጽሑፍ በባዶው ማኅደረ ትውስታ ላይ ያቈያል፤ ደግሞ ሲጠየቅ ወደ ዲስክ ሳይሄድ ከዚያው ይሰጣል። ስለዚህ ጥሩ ሆኖ በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይ የባዶው ቍጥር ትንሽ መሆኑ ደኅና ምልክት ነው እንጂ የሕመም ምልክት አይደለም። መታየት ያለበት የመጨረሻው ቍጥር፥ «አቬይለብል» የተባለው ነው፤ በምሳሌያችን 1050፥ ማለት ከጠቅላላው ከእኩሌታ የሚበልጥ ነው። ይህ መሣሪያ ማኅደረ ትውስታ አልጎደለውም፤ ቀርፋፋ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ይህ ዓምድ ወደ ሊኑክስ የገባው በ2006 ዓ.ም. ገደማ ስለ ሆነ ከዚያ በፊት በተዘጋጁ አሮጌ ስርዓቶች ላይ አይገኝም፤ በእነዚያ ላይ «በፈርስ ካሽ» የሚል ሁለተኛ መስመር አለ፥ በዚያ መስመር ላይ ባዶ ተብሎ የተጻፈው ቍጥር ይነበባል።

ለመነሻ ያህል፥ ሊሰጥ የሚችለው ከጠቅላላው ከዐሥር እጅ አንድ እጅ በታች ከወረደ መጠርጠር ይገባል። መጠርጠር ብቻ ነው፤ ለመፍረድ ስዋፑን ማየት ያሻል። በስዋፕ መስመር ላይ የተያዘ መኖሩ ብቻውን አያስፈርድም፤ ጠዋት የተወሰደ ዕቃ እስከ ማታ ማንም ሳይጠራው በጐተራው ሊቀመጥ ይችላልና። ጥፋቱ መመላለሱ ነው። መመላለሱን የሚያሳየው ትእዛዝ «ቪኤምስታት» ይባላል፤ አጻጻፉ፥ ቪ፥ ኤም፥ ኤስ፥ ቲ፥ ኤ፥ ቲ፤ ባዶ ቦታ፤ 2፤ ባዶ ቦታ፤ 5። በየ2 ሴኮንዱ አንድ መስመር፥ ጠቅላላ 5 መስመር ይጽፋል። «ኤስ አይ» የተባለው ዓምድ ከጐተራ የገባውን፥ «ኤስ ኦ» የተባለው ወደ ጐተራ የወጣውን ይናገራል። የመጀመሪያው መስመር መሣሪያው ከተነሣ ጀምሮ ያለው አማካይ ስለ ሆነ ይታለፍ። በቀሩት አራት መስመሮች ላይ ሁለቱ ዓምዶች ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረቡ ከሆኑ አህያዪቱ አልተጫነችም፤ በየመስመሩ ትልልቅ ቍጥር ከተጻፈ ግን ሜዳው በእውነት ጠቧል።

ሜዳውን የሚሞላው ምንድን ነው? በአማርኛ መጻፍ ኮምፒዩተርን ያከብደዋል የሚል አሳብ አለ፤ ይህ መሠረት የለውም። በተለመደው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የላቲኑ 1 ባይት ብቻ ይይዛልና በሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን 1,500 ፊደል ያለበት ገጽ ቢጻፍ 4,500 ባይት ብቻ ይሆናል፤ ትንሹ ኤክስ ኦ እንኳ በ256 ሜጋባይቱ ከ59,000 በላይ እንዲህ ያለ ገጽ በያዘ ነበር። ፎቶግራፍ ግን እንዲህ አይደለም። 12 ሚሊዮን ነጥብ ያለው የስልክ ፎቶግራፍ በዲስክ ላይ ተጨምቆ ጥቂት ሜጋባይት ቢሆንም፥ በስክሪን ላይ ለመታየት ሲዘረጋ ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ያስፈልገዋልና 48 ሚሊዮን ባይት ይይዛል። ይህም ከ10,000 ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ይበልጣል። በፈተና ወረቀት ላይ አምስት ስድስት ፎቶግራፍ ሳያሳንሱ የሚለጥፉ መምህራን ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ስለ ቀራጩ ደግሞ የሚጠየቀው በ«ቶፕ» ነው። ቲ፥ ኦ፥ ፒ ተብሎ ይጻፋል። ይህን ፕሮግራም ዊልያም ለፌቭር የተባለ ሰው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1984 ዓ.ም. አወጣው፤ በዚያን ዘመን አንዱን ትልቅ ኮምፒዩተር ብዙ ሰው ይካፈለው ስለ ነበረ፥ ከድርሻው አልፎ የወሰደውን ለይቶ ማወቅ ግድ ነበር። ቶፕ ሲከፈት መስኮቱን ይሞላል፥ በየ3 ሴኮንዱም ራሱን ያድሳል። ለመውጣት «ኪው»ን መምታት ይበቃል።

በላይኛው መስመር መጨረሻ ላይ «ሎድ አቬሬጅ» ተብሎ ሦስት ቍጥሮች ይታያሉ። እነዚህ በቀራጩ ፊት የቆመው ሰልፍ ርዝመት ናቸው፤ የመጀመሪያው ያለፈውን 1 ደቂቃ፥ ሁለተኛው 5 ደቂቃ፥ ሦስተኛው 15 ደቂቃ ያሳያል። የመጀመሪያው ከሦስተኛው ከበለጠ ሰልፉ እየረዘመ ነው፤ ካነሰ እየተበተነ ነው። ርዝመቱ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት ለማለት ግን የቀራጮቹን ቍጥር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከቶፕ ወጥቶ ኤን፥ ፒ፥ አር፥ ኦ፥ ሲ ብሎ ቢጽፉ መሣሪያው የኮሮቹን ቍጥር ይመልሳል። ኮሮቹ 2 ሆነው ቍጥሩ 0.40 ቢሆን ቀራጮቹ ሥራ ፈትተዋል፤ 2.00 ቢሆን ሁለቱም ሥራ ይዘዋል፥ የሚጠብቅ ግን የለም፤ 6.00 ቢሆን አራት ሥራ ቆሞ ይጠብቃል። ሊኑክስ በዚህ ቍጥር ውስጥ ቀራጩን የሚጠብቁትን ብቻ ሳይሆን ዲስኩን የሚጠብቁትንም ጨምሮ ስለሚቈጥር፥ ሦስተኛውን መስመር ሳያዩ በሰልፉ ርዝመት ብቻ መፍረድ ያሳስታል።

በሦስተኛው መስመር ላይ የቀራጩ ጊዜ ከመቶ እየተከፈለ ይጻፋል። «ዩ ኤስ» ለተጠቃሚው ፕሮግራሞች የዋለው፥ «ኤስ ዋይ» ለአስተዳዳሪው የዋለው፥ «አይ ዲ» ሥራ ፈትቶ የዋለው፥ «ደብልዩ ኤ» ዲስክ እስኪመልስ ተቀምጦ የጠበቀው ነው። «ዩ ኤስ» ከ90 በላይ ሆኖ ከቆየ ሥራ በዝቶበታል። «ደብልዩ ኤ» ከፍ ብሎ ከቆየ ግን ቀራጩ ጥፋት የለበትም፤ ወይ ስዋፑ ይመላለሳል፥ ወይ ዲስኩ ራሱ እየደከመ ነው። ቪኤምስታት ስዋፑ ዜሮ ነው ካለ፥ ዲስኩ ከመሞቱ በፊት የተማሪዎች ውጤትና መዝገብ በሌላ ስፍራ ይገልበጥ፤ ይህ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ከዚህ በታች የነጋዴዎቹ ዝርዝር ይመጣል፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ መስመር አለው። ትልቁን «ኤም» ቢመቱ ብዙ ሜዳ የያዘው ወደ ላይ ይወጣል፤ ትልቁን «ፒ» ቢመቱ ቀራጩን የያዘው ይወጣል። «ቪርት» የተባለውን ዓምድ አይቶ መደንገጥ አይገባም፤ እርሱ ፕሮግራሙ ሊያስፈልገኝ ይችላል ብሎ ያስመዘገበው ስፍራ ነው። በእውነት የዘረጋበት ስፍራ በ«ሬስ» ዓምድ ይገኛል። የኢንተርኔት መስኮቶች፥ እነ ፋየርፎክስና ክሮም፥ ራሳቸውን በብዙ ክፍል ከፍለው ስለሚሠሩ በዝርዝሩ ላይ ዐሥር ወይም ሃያ ጊዜ ይታያሉ። እያንዳንዱ መስመር ትንሽ ስለሚመስል ያመልጣል፤ አንድ ስም ያላቸውን ሁሉ መደመር ያስፈልጋል። ሁለት ወይም አራት ኮር ባለው መሣሪያ ላይ ደግሞ አንድ ፕሮግራም ከ100 በላይ ቢያስመዘግብ ስሕተት አይደለም፤ 100 ማለት አንድ ቀራጭ ሙሉ ማለት ነውና።

አንድ ጊዜ አይቶ አይፈረድም። ኮምፒዩተሩ እንደ ተነሣ ራሱን የሚያድስ ፕሮግራም ለጥቂት ደቂቃ ቀራጩን ሁሉ ሊይዝ ይችላል፤ ሲጨርስ ይተወዋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ማየት ይገባል። በፀሐይ ኃይል ለሚሠራ ትምህርት ቤት ይህ ጥበቃ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሙሉ ቀን የሚሠራ ፕሮሰሰር ሥራ ፈትቶ ከሚውለው ይልቅ ባትሪውን ይጨርሳልና፥ በከንቱ የሚሠራውን ፕሮግራም ማግኘት መብራትን ማትረፍ ነው።

ጥፋተኛው ሲገኝ በመጀመሪያ በመስኮቱ፥ እንደ ወትሮው፥ ጽሑፉን አስቀምጦ መዝጋት ይሻላል። መስኮቱ ካልታዘዘ በዝርዝሩ ላይ በመጀመሪያው ዓምድ፥ «ፒ አይ ዲ» በተባለው፥ የፕሮግራሙ መለያ ቍጥር አለ። ኬ፥ አይ፥ ኤል፥ ኤል፤ ባዶ ቦታ፤ ከዚያ ቍጥሩን ቢጽፉ ፕሮግራሙ ጓዙን ሰብስቦ እንዲወጣ ይነገረዋል። ካልወጣ ብቻ፥ ከቍጥሩ በፊት ሰረዝና 9 ይጨመራል። ይህ ግን ማስጠንቀቂያ የሌለው ነው፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ሁሉ ይጠፋል። የሴሚስተር ውጤት ሲሞላ የዋለ የሰንጠረዥ ፕሮግራም በዚህ ቢመታ የቀኑ ድካም ከንቱ ይሆናል። ባለቤቱ «ሩት» ተብሎ የተጻፈውን ፕሮግራም ደግሞ ሥራውን ሳያውቁ መንካት አይገባም፤ የመሣሪያው አስተዳዳሪ የራሱ ሥራ ነውና።

ሰው ባይወስን መሣሪያው ራሱ የሚወስንበት ጊዜም አለ። ሜዳውም ስዋፑም ፈጽሞ ሲያልቅ ሊኑክስ ከፕሮግራሞቹ አንዱን መርጦ በኃይል ያስወጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ብዙ ስፍራ የያዘው ነው። በድንገት ጽሑፉ ከፊቱ የጠፋበት መምህር «ቫይረስ ነው» ይላል። እውነቱን ለማወቅ ኤስ፥ ዩ፥ ዲ፥ ኦ፤ ባዶ ቦታ፤ ዲ፥ ኤም፥ ኢ፥ ኤስ፥ ጂ ብሎ መጻፍ ነው፤ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። በመልሱ መጨረሻ አካባቢ «አውት ኦቭ ሜሞሪ» የሚል ቃል፥ ከአጠገቡም የተገደለው ፕሮግራም ስም ከተገኘ፥ ነገሩ የስፍራ ማነስ ነው።

ስፍራው በእውነት አንሶ ከተገኘ እንኳ ያለው መድኃኒት ሙሉ ኮምፒዩተር መግዛት ብቻ አይደለም። የማኅደረ ትውስታ ካርድ ለብቻው ይሸጣል። ነገር ግን ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አንዱ በሌላው ስፍራ አይገባም። ኤስ፥ ዩ፥ ዲ፥ ኦ፤ ባዶ ቦታ፤ ዲ፥ ኤም፥ አይ፥ ዲ፥ ኢ፥ ሲ፥ ኦ፥ ዲ፥ ኢ፤ ባዶ ቦታ፤ ሰረዝ፥ ቲ፤ ባዶ ቦታ፤ ኤም፥ ኢ፥ ኤም፥ ኦ፥ አር፥ ዋይ ተብሎ ሲጻፍ፥ መሣሪያው ስንት መክተቻ እንዳለው፥ ስንቱ ባዶ እንደ ሆነ፥ የካርዱም ዓይነት ምን እንደ ሆነ ይነገራል። ይህን ሳይጽፍ ወደ ደብረ ብርሃን ለግዢ የሚወርድና የሚወጣ ሰው የማይገባ ካርድ ይዞ ይመለሳል።

ትምህርት ቤቱ በዊንዶውስ የሚሠራ ከሆነም በር አልተዘጋም። ሲ፥ ኤም፥ ዲ ተብሎ የትእዛዝ መስኮቱ ይከፈታል፤ ከዚያ ቲ፥ ኤ፥ ኤስ፥ ኬ፥ ኤል፥ አይ፥ ኤስ፥ ቲ ሲጻፍ የፕሮግራሞቹ ስም፥ መለያ ቍጥርና የያዙት ማኅደረ ትውስታ በኪሎባይት ይዘረዘራል። ስለ ፕሮሰሰሩ ግን ይህ ትእዛዝ አይናገርም፤ ለእርሱ «ታስክ ማናጀር» የሚባለው መስኮት ይታያል።

ምርመራው ለኮሚቴ የሚቀርብ ከሆነ በወረቀት ማውጣት ይቻላል። ቲ፥ ኦ፥ ፒ፤ ባዶ ቦታ፤ ሰረዝ፥ ቢ፤ ባዶ ቦታ፤ ሰረዝ፥ ኤን፤ ባዶ ቦታ፤ 2፤ ባዶ ቦታ፤ ጫፉ ወደ ቀኝ የዞረው የማእዘን ምልክት፤ ባዶ ቦታ፤ ከዚያ ለመዝገቡ የተመረጠ ስም ተጽፎ ኤንተር ሲመታ፥ የቶፕ መልስ በስክሪን ላይ መታየቱ ቀርቶ በዚያ ስም በዲስክ ላይ ይቀመጣል። ሁለት ጊዜ የተጻፈ ስለ ሆነ የሚነበበው ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው የፕሮሰሰሩን የወቅቱን ሁኔታ ላያሳይ ይችላልና። የፍሪን መልስ በዚያው መዝገብ ላይ ለመጨመር የማእዘኑን ምልክት ሁለት ጊዜ አከታትሎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከተጻፈ የፊተኛው ይደመሰሳል። መምህሩ ይህን ጠዋት ሥራ ሳይጀመር አንድ ጊዜ፥ መሣሪያው ባንቀላፋበትም ሰዓት አንድ ጊዜ አውጥቶ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያቅርብ። ሽማግሌዎቹም ቋንቋውን ባያውቁ፥ ሊሰጥ የሚችለው ስንት ነበረ፥ ወደ ስንት ወረደ፥ በዝርዝሩ ራስ ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው ብለው ሦስት ነገር ይጠይቁት።